«ጀልባ ልገዛ ነው» ሲላችሁ፦ የማኒያን ምልክት በጊዜ ለመለየት

ወንድሜ አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ 40 ቆሮሶ ዓሳ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ግቢ ገባ። ጣና ዳር ወርዶ ከአጥማጆቹ እጅ የገዛው ነው። የተከራዩን በር ሁሉ እያንኳኳ አደለ። «ተነሱ እንጂ፣ ዓሳ የሚበላ ሰው አይተኛም!» እያለ ይስቃል። እኛም ሳቅን። ከዚያ በፊት ሰባት ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ልጅ ነው። እማዬ ደጅ ወጥታ መሬት ሳመች። «ተመስገን፣ ልጄን መለስክልኝ» አለች።

በሳምንቱ የዕቁቡን ብር ለጀልባ ቀብድ ሰጠ። በ11ኛው ቀን ለአራት ይዘነው ሆስፒታል ገባን።

ማኒያ ሲጀምር ሕመም አይመስልም። ደስታ ይመስላል። ምርቃት የደረሰለት ሰው ይመስላል። ቤተሰብ ደግሞ «ጨርቁን ካልጣለ አልታመመም» ብሎ ይጠብቃል። ጨርቅ እስኪጣል ድረስ ግን ስንት ቀን ያልፋል፣ ስንት ብር ይወጣል፣ ስንት ሰው ይቀየማል። እኛ ያን ጊዜ ማየት የነበረብንን ነው ከዚህ በታች የጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። ባሕር ዳር የምኖር ታናሽ እህት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብተር ይዤ አብሬው ተመላልሻለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንወቀው

ባይፖላር ሁለት ጫፍ ያለው የስሜት ሕመም ነው። በአንዱ ጫፍ ድባቴ፣ እንደዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበት ሰባት ወር፤ በሌላው ጫፍ ማኒያ፣ እንደዚያ የዓሳው ሌሊት። በመካከል ሰውየው ደህና ነው። ይሠራል፣ ይጫወታል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። «ጉርምስና ነው፣ ያልፍለታል» የምንልበት ዕድሜ ማለት ነው። በዘር የመሄድ ነገርም አለው። ስለዚህ «እንደ አጎቱ ሆነ» የሚለውን የአሮጊቶች ወሬ አትናቁት፤ ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ንገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 40 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖር ገምቶ ነበር። በእናንተ ቤት ላይ ብቻ የወረደ መዓት አይደለም።

1. ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አስተያዩት

ከጊዮርጊስ የተሳፈራችሁበት የባጃጅ ሹፌር እስክትወርዱ ድረስ አፉን ሳይዘጋ ሊያወራችሁ ይችላል። ማኒያ የለበትም። የዛሬ አስር ዓመትም እንዲሁ ነበር። ቃል የሚቆጥበው ወንድሜ እንደዚያ ሹፌር ማውራት የጀመረ ቀን ግን ነገር አለ።

ስለዚህ ደህና በሆነበት ጊዜ ግማሽ ገጽ ጻፉ። ስንት ሰዓት ይተኛል? በቀን ስንት ሰው ጋ ይደውላል? በሳምንት ስንት ብር ያወጣል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መቼ መቼ ይሄዳል? ሲናደድ ምን ያደርጋል? የኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ «7 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ስልክ አይወድም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል» ይላል። ሦስተኛው ነገር ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲያመው ቀድሞ የተከፈተው ቁልፉ ነው።

2. እንቅልፉን ቁጠሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ ማኒያ የለበትም። ጭንቀት ያለበት ሰው መተኛት ይፈልጋል፤ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ፣ ወገቡ ተቆርጦ ይነሳል። ማኒያ የያዘው ሰው ግን እንቅልፍ አያስፈልገውም። ሁለት ሦስት ሰዓት አሸልቦ እንደ ሚዳቋ ይዘላል። «አልደከመህም?» ስትሉት «ለምን ይደክመኛል? ሰው እኮ ሕይወቱን ግማሹን ተኝቶ ነው የሚጨርሰው» ይላችኋል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ስንት ሰዓት ተኛ? ደግሞስ ደክሞታል ወይ? ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። የጥር ጊዮርጊስ ማኅሌት ቆሞ አድሮ መጣ። ማኅሌት ያደረ ሰው ቁርሱን ቀምሶ እስከ ከሰዓት ይተኛል፤ የታወቀ ነው። እሱ ግን ነጠላውን ሳያወልቅ አጥር ማጠር ጀመረ። «ጎበዝ ልጅ» አልኩ በልቤ። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ የአጥሩን እንጨት ቀለም ሲቀባ አገኘሁት፣ በስልክ መብራት።

የቤታችን ደንብ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ያወጣነው ነው። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከ4 ሰዓት በታች ከተኛና ካልደከመው፣ ሦስተኛውን ሌሊት አንጠብቅም፤ እንደውላለን። እናንተ ከራሳችሁ ሐኪም ጋር የራሳችሁን ቁጥር አውጡ።

እንዴት ይቆጠራል? እንደ ዘበኛ በሩ ላይ አትቁሙ። በሩ ሥር መብራት ይታያል? ቴሌግራም ላይ መጨረሻ የታየው ስንት ሰዓት ነው? ማታ የታጠበው ጀበና ጠዋት አተላ አለበት? እነዚህን ጻፉ። በቃ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእንቅልፍ ማጣት ምልክት ብቻ ሳይሆን ቀስቃሽም ነው። የሰርግ ሰሞን፣ ለቅሶ ቤት ማደር፣ የፈተና ጥናት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ። ከዚህ በፊት አንዴ ያመመው ሰው ባለበት ቤት «አንድ ሌሊት ምን ያደርገዋል» አይባልም። ወንድሜ አሁን ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ 3 ሰዓት ሲሆን ይቅርታ ጠይቆ ይመጣል። መጀመሪያ ሰው ታዝቦት ነበር። አሁን ለምደውታል።

3. ንግግሩን አዳምጡ፤ ምን እንዳለ ሳይሆን እንዴት እንደሚሄድ

የዚያን ሰሞን ቡና እያፈላሁ የነገረኝን በማግስቱ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፦

«ጣና ማለት ጤና ማለት ነው እታለም። ጤና ደግሞ ጤና አዳም ነው፣ አሁን ቡናው ላይ የጨመርሽው። አዳም ቡና ጠጥቶ ቢሆን አይተኛም ነበር። ካልተኛ ጎኑን ማን ይወስድበታል? ሔዋን የለችም ማለት ነው! ሔዋን ከሌለች እኛ የለንም፣ እኛ ከሌለን ይህን ቡና ማን ነው የሚጠጣው? አየሽ፣ ቡናው ራሱን ነው የሚጠጣው!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሳቅ ሞትኩ። ይጥማል እኮ። ጎረቤቶቻችንም «ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» አሉ። ግን ቡናው ላይ አልቆመም። አቦል አልቆ፣ ቶና አልቆ፣ በረካ ቀዝቅዞ እሱ ገና ይናገራል። አንዱ ሐሳብ ከሌላው የሚያያዘው በነገሩ ሳይሆን በቃሉ ድምፅ ነው፤ ጣና፣ ጤና፣ ጤና አዳም፣ አዳም። ሐሳቡ ከአፉ ስለሚፈጥን አፉ ይሯሯጥለታል።

ለመፈተን እንዲህ አድርጉ። መሐል ላይ በቀስታ «ቆይማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» በሉት። ደህና ሰው ቢሞቀውም ይቆማል። ማኒያ ላይ ያለ ሰው ማቆም ያቅተዋል፤ በላያችሁ ላይ ይሄዳል፤ ወይም ቆሞ ጥያቄያችሁን ሳይመልስ ግድግዳው ላይ ባየው ካላንደር ይጀምራል። ስልኩንም ተመልከቱ። አስር ዓመት ያልተገናኙትን የክፍል ጓደኛ ሌሊት 8 ሰዓት ቀስቅሶ ማውራት፣ ለዘመድ ሁሉ የአስር አስር ደቂቃ የድምፅ መልእክት መላክ። የእኛ አክስት ከደብረ ማርቆስ ደውላ «ልጁ ምን ሆኗል? አራቴ ደወለልኝ» ስትል ነው እኔ የደነገጥኩት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይለምደዋል። የራቀ ሰው ቶሎ ይለየዋል።

4. ብሩንና ዕቅዱን ተመልከቱ

ጀልባ መግዛት እብደት አይደለም። እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እያመላለሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች እዚሁ አሉ። ስለዚህ «ጀልባ ልገዛ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ወንድሜ ዋና አይችልም። ውኃ ይፈራል። የሰጠው ቀብድ የመጣለት የዕቁብ ብር ሁሉ ነው። ጀልባውን አላየውም። ሻጩን የተዋወቀው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ከአንዱ ጀልባ ሳይወጣ ደግሞ «ስድስት እናደርጋቸዋለን፣ ከጎርጎራ እንጀምራለን፣ ሚኒስትሩን ራሴ አናግራለሁ» ይል ነበር።

አንድ ትልቅ ዕቅድ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከማን ጋር መከርክ? ብሩ ካለቀ ቤት ኪራዩ በምን ይከፈላል? ለሳምንት ብናቆየውስ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥሩ መልስ ሊኖረው ይችላል፤ ማኒያ ሰውን ምላሱን ያቀልለታል። የሚያጋልጠው ሦስተኛው ነው። የአንድ ሳምንት ቀጠሮ እንደ ጠላትነት ከቆጠረው ነገሩ ስለ ጀልባ አይደለም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ለመንገደኛ መስጠት። በቴሌብር ለማያውቀው ሰው መላክ። የማይመልሰውን ብር መበደር፣ ለማይመልስ ሰውም ማበደር። በአንድ ሳምንት ትውውቅ ቀለበት ማሰር፤ ከዚህ ቀደም ጨዋ የነበረ ሰው በወሲብ በኩል ድንበር ማለፍ። በፍጥነት መንዳት። ይህ ሁሉ ኋላ ሲድን የሚያሳፍረው ነው። አሳፍሩት ብዬ አይደለም፤ ቶሎ የያዛችሁት እንደሆነ የሚያፍርበት ነገር ይቀንሳል።

5. ቁጣም ማኒያ ነው

ሁሉም አይስቅም። አንዳንዱ ማኒያ ሲይዘው እንደ ሚጥሚጣ ይሆናል። በትንሹ ይነድዳል፣ ይሳደባል፣ «ቀናችሁብኝ» ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያመው ወንድሜ አንድም ቀን አልሳቀም። እኛ ደግሞ 40 ዓሳ ስንጠብቅ አመለጠን።

6. እምነትና ማኒያ ሲደባለቁ

የሚያስቸግረው ይህ ነው። ብዙዎቹ የጣና ደሴቶች ገዳም አለባቸው። ሰው ጸሎት ቢያበዛ፣ ሱባኤ ቢገባ ማን ክፉ ይለዋል? ጸሎት ምልክት አይደለም። የጸሎቱ መልክ ሲለወጥ ነው ማየት ያለባችሁ።

ሱባኤ የያዘ ሰው ዝቅ ይላል፤ የነፍስ አባቱን ይሰማል። ማኒያ ላይ ያለ ሰው ከፍ ይላል። «ተልኬአለሁ»፣ «የሚጠበቀው እኔ ነኝ» ይላል፤ ቅዳሴ መሐል ቄሱን ያርማል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጃቸው ሲታመም እንዲሁ ነበር፤ ኢማሙን ካላስተማርኩ ብሎ ነው የጀመረው። የሕመሙ መንገድ አንድ ነው፤ ልብሱን የሚዋሰው ከየቤቱ ነው።

የሃይማኖት አባቱን አማክሩ። የእኛ የነፍስ አባት ደብተሬን ሳያዩ «ይህ ልጅ የጎደለው ጾም ሳይሆን እንቅልፍ ነው፣ ሐኪም ይየው» ብለውናል። ጸበልም ይወስዳሉ፣ ክልከላ የለም። መድኃኒቱን ግን አያስጥሉት። መድኃኒት አስጥለው በሰንሰለት የሚያሳድሩበት ቦታ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

7. ማኒያ የሚመስሉ ነገሮችን ለዩ

ጫት መጀመሪያ ይጠየቃል። የምርቃና ሰው ያወራል፣ ያቅዳል፣ አይተኛም። ልዩነቱ ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ብሎት ይተኛል። ጫቱ ካለፈ በኋላም ሞቅታው ከቀጠለ ሌላ ነገር አለ። ባይፖላር ላለበት ሰው ደግሞ ጫት ራሱ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል። «ትንሽ ነው የቃመው» አትበሉ።

ትኩሳት ካለ፣ ሰውየው ቀኑንና ቦታውን ከሳተ፣ ወይም በቅርቡ ጭንቅላቱን ከተመታ የአእምሮ ሕመም ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ጣና ዳር ወባ አለ፤ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ ሰውን ያስቀባጥራል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ሲወሰድም ማኒያ የሚመስል ሁኔታ ይመጣል። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአስምም ይሁን የዓይን፣ ይዛችሁ ሂዱ።

አራስም አትረሳ። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ አልባ ሆና የምትፈነድቅ፣ ወይም ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር የምትናገር እናት ድንገተኛ ታማሚ ናት። አያቶቻችን «አራስ ብቻዋን አትተውም» የሚሉት በከንቱ አይደለም። አትተዋት፤ ግን ገንፎ እያበሉ መጠበቅ አይበቃም። ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ትድረስ።

8. ቀኑን ቁጠሩ፣ ግን ቀን አትጠብቁ

ሐኪሞች ማኒያ የሚሉት ሞቅታው ወይም ቁጣው ከጉልበት መጨመር ጋር ቢያንስ 7 ቀን፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲቆይ ነው። ሆስፒታል የሚያስተኛ ከሆነ ቀኑ አይቆጠርም። ቀለል ያለው ዓይነት 4 ቀን ይበቃዋል፤ ሥራውን ሳያቆም ሊያልፍም ይችላል። ይህ ቁጥር ሐኪሙ ስም እንዲሰጠው ነው። እናንተ ስም ሰጪ አይደላችሁም። በሦስተኛው ቀን ብትሄዱ «ቀኑ አልሞላም፣ ተመለሱ» የሚላችሁ የለም፤ ቢላችሁም ሌላ ጋ ሂዱ።

9. እንዴት ታናግሩታላችሁ?

እኛ የሠራነውን አትሥሩ። «ዘመድ ልንጠይቅ ነው» ብለን አታለን ባጃጅ ውስጥ ከተትነው። ለአራት ያዝነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ባጃጅ አልሳፈርም ብሎ ነበር፤ ልክ ነበር።

አሁን የምናደርገው ይህ ነው። የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ይገባል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፣ እንግዳ ይመለሳል፣ መብራቱ ደብዘዝ ይላል። አጭር አጭር ይናገራል። «አብደሃል» አይባልም። «ንጉሥ አይደለህም» ብሎ ክርክርም የለም፤ በክርክር የወረደ ማኒያ አላየሁም። «እንቅልፍህ ጠፍቷል፣ ለእንቅልፍህ እንሂድ» ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ እሱም የሚያውቀው እውነት ነው። ወንድሜ ሦስተኛ ጊዜ በዚህ ቃል ብቻ ተነስቶ ጫማውን አደረገ።

ውኃ ላይ እራመዳለሁ፣ ሌሊት ታንኳ ልቅዘፍ የሚል ከሆነ ከሐይቁ ዳር አርቁት። ሞተር ሳይክል ቁልፍ፣ ቢላና መሣሪያ ከቤት ይውጣ። ሰው የሚጎዳ ከሆነ ብቻችሁን አትታገሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ፖሊስ ከመጣም «ወንጀለኛ ሳይሆን ታማሚ ነው» በሉ፤ ደጋግማችሁ በሉ።

ስለ ሞትም በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ሞቅታና ድባቴ ተደባልቀው የሚመጡበት ጊዜ፣ እንዲሁም ማኒያው ወርዶ ሰውየው ያጠፋውን ማየት የሚጀምርበት ሰሞን ከሁሉ ይከፋል።

10. ሐኪም ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ካርዱንና ከጤና ጣቢያ የተጻፈውን ሪፈር ያዙ፤ ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር ፍለጋ ቀን አታባክኑ። ደብተሩን ያዙ። ሐኪሙ የሚያገኛችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ማኒያ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ እጅግ ጨዋ መሆን ይችላል። ወንድሜ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጅ ነስቶ «እህቴ ትንሽ ትጨነቃለች» ሲል ሐኪሙ እኔን ነበር የሚያየኝ። ደብተሩ ነው ያዳነኝ፦ «ሰኞ 3 ሰዓት፣ ማክሰኞ 2 ሰዓት፣ ረቡዕ አልተኛም፣ 31 ስልክ።»

ለድባቴ ስትሄዱም ያለፈውን ሞቅታ ንገሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰባት ወር ሲተኛ አንድ ክሊኒክ ወስደነው ነበር። «ከዚህ በፊት ያለ ልክ ደስ ብሎት፣ ሳይተኛ የሰነበተበት ጊዜ አለ?» ብሎ የጠየቀን የለም፤ እኛም አልተናገርንም። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ተሰጠው። ዓሳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የድባቴ መድኃኒት ያለ ስሜት አረጋጊ ሲሰጥ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል።

11. መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት ከተሰጠ አንገቱ ወደ ጎን ሊዞር፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። እማዬ ይህን ስታይ «ዛሩ መጣ» ብላ ጮኸች። ዛር አልነበረም፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሆስፒታል ሲመለስ በመርፌ ወዲያው ይፈታል።

ወንድሜ የሚወስደው ሊቲየም ነው። እንደ ጨው ያለ ነገር ነው። ለማኒያ እንደሚጠቅም በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳየው ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ግን ልኩ ጠባብ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ 1.5 ካለፈ መመረዝ ይጀምራል። ስለዚህ ደም ይመረመራል፣ የመጨረሻውን ክኒን ከዋጠ 12 ሰዓት ቆይቶ። ኩላሊትና እንቅርትም በየስድስት ወሩ ይታያሉ።

ሊቲየም ላይ ያለ ሰው ውኃ ሲጎድለው መድኃኒቱ በደሙ ይከማቻል። የእኛን ከተማ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ዐቢይ ጾም የሚውለውም በዚያው ሰሞን ነው። ረመዳንም በሙቀት ሲገባ ያው ነው። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል፣ ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ እነዚህ ሁሉ አደጋ ናቸው። ከጾሙ በፊት ከሐኪሙም ከነፍስ አባቱም ጋር ተነጋገሩ። ለራስ ምታት ብሎ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከፋርማሲ መግዛት ይቅር፤ መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ስኒ ይዞ ቡናው እስኪፈስ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ በቀጥታ ሆስፒታል።

ለሴቶች አንድ ቃል። ለማኒያ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት የሚባል መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ይጎዳል። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ከሆነ ወይም የወሊድ መከላከያ ከሌላችሁ መድኃኒቱ ሲጻፍላችሁ እዚያው ተናገሩ። በራሳችሁ ግን በድንገት አታቁሙት።

12. በደህናው ጊዜ ወረቀት ጻፉ

ሰውየው ሲድን፣ ራሱ ተቀምጦ፣ ራሱ ይጻፈው። የመጀመሪያ ምልክቶቼ ምንድን ናቸው? ሲታዩ ማን ይንገረኝ? በምን ቃል ይንገረኝ? የባንክ ደብተሬን ማን ይያዝ? የትኛው መድኃኒት ተስማማኝ፣ የትኛው ጎዳኝ? ከተወሰነ ብር በላይ ለማውጣት ሁለት ቀንና ሁለት ሰው ይጠበቅ። እናንተ ብትጽፉት እስር ቤት ይሆንበታል።

የወንድሜ ወረቀት በሁለት ቅጂ ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ የብፌው መሳቢያ ውስጥ። ባለፈው ሳምንት መቀስ ስፈልግ አየሁት። ከታች በሌላ ቀለም አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «ስለ ጀልባ ማውራት ከጀመርኩ፣ ቀብድ ከመስጠቴ በፊት ለእታለም ይደወል። ዓሳ ከሆነ ግን እስከ 5 ድረስ ችግር የለውም።»